ከስጋው ጎን ሁልጊዜ ድንች ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ልጄ ያገባት የዚህ አገር ልጅ ስለሆነች በወር አንድ እሁድ ወላጆቿ ቤት እንጋበዛለን። የሚቀርበው ስጋ ወይም ዶሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ ፎሶሊያና ነጭ ዳቦ ነው፤ ተለውጦ አያውቅም። ባለፈው ጊዜ ቂንጬ ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። ለትህትና አንዳንድ ማንኪያ ወሰዱ፤ ሳህኑ ግን እንደሞላ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ገበያ ስወጣ ገብሱም፣ ቡናማ ሩዙም፣ ቡልጉሩም መደርደሪያው ላይ አለ። ታዲያ አሜሪካኖች ያልተፈተገ እህል ከምግባቸው ጎን የማያቀርቡት ስለማይወዱት ነው?
አንዲት እናት፣ ከሴንት ፖል

መልስ፦ እናቴ፣ ሳህን እንደሞላ ሲመለስ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዶሮ ጎን ገብስ ባወጣሁ ቀን ትሪው እንዳለ ይመለስልኝ ነበር። አይወዱትም ብዬ ግን አላምንም። እነዚያው አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ ይበሉ ነበር። ያው ገብስ በስጋ ሾርባ ውስጥ የገባ ዕለትማ ድስቱ ተጠርጎ ነው የሚወጣው። ሾርባ ውስጥ የተወደደ እህል ከዶሮው ጎን ሲቀመጥ ለምን ይተዋል? ነገሩ ከእህሉ ይልቅ ከሳህኑ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

የዚህ አገር እራት መሐሉ ስጋ ነው። ከስጋው ጎን አንድ የሚያጠግብ ነገርና አንድ አትክልት ይቀመጣል። እኛ እንጀራውን አንጥፈን ወጡን በላዩ ስናወጣ እህሉ መሠረት ነው፤ እዚህ ግን እህል አጃቢ ነው፣ የአጃቢ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያንን ቦታ ድንች ከያዘው ሌላው ደጅ ይቀራል። ድንች ቦታውን የያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅቤና ወተት ይመጥጣል፣ የስጋውን መረቅ ይይዛል፣ ሕፃንም ጥርስ የሌለው ሽማግሌም ያለ ችግር ይውጠዋል። መረቅ ያልነካው ቂንጬ ከደረቅ ጥብስ ዶሮ ጎን ሲቀመጥ ግን በምን ይወርዳል?

ሌላው ምክንያት የወፍጮ ታሪክ ነው፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ከቤትዎ ብዙም ሳይርቅ ነው የተሠራው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቃጠለ ግንብ መሐል የተሠራ ሙዚየም አለ። የካድዋላደር ዋሽበርን ወፍጮ የነበረበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1878 በአየር ላይ የተንሳፈፈው የዱቄት ብናኝ እሳት ይዞ ወፍጮው ፈነዳና 18 ሠራተኞች ሞቱ። ዋሽበርን መልሶ ሲሠራው የድንጋዩን ወፍጮ በብረት ሮለር ተካው። ድንጋይ ፍሬውን እንዳለ ያደቅቀዋል፤ ሮለሩ ግን ፉርሽካውንና ቡቃያ የሚወጣበትን ክፍል እየለየ ነጩን ብቻ ያወጣል። ቅባቱ ያለው ቡቃያው ጋ ስለሆነ፣ እሱ ያለበት ዱቄት ሲቆይ ይሸታል፣ ይመራል። ነጩ ዱቄት ግን በባቡር ተጭኖ አገር አቋርጦ፣ ወራት ቆይቶም አይበላሽም። በ1880 ሲንሲናቲ በተደረገ ኤግዚቢሽን የዋሽበርን ዱቄት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ ዛሬም መደርደሪያ ላይ የሚያዩት የ«ጎልድ ሜዳል» ዱቄት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ድሮ የባለጠጋ የነበረው ነጭ ዱቄት የሁሉም ሆነ። ሩዙም ተፈትጎ ነጭ ሆኖ ነው የተለመደው።

የተፈተገው እህል የጎደለው ነገር ስለነበር በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ዳቦ ቤቶች የሚጋግሩት ነጭ ዳቦ የቢ ቪታሚኖችና ብረት እንዲጨመርበት አዘዘ። ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ከቪታሚን እጥረት ለሚመጣ በሽታ መድኃኒት ሆኗል። ግን በእኔ አስተያየት፣ ወደ ሙሉው እህል የመመለሱን ጉዳይ ያዘገየውም እሱ ነው። ነጩ ታክሞ ከመጣ ማን ቡናማውን ይፈልጋል? ከፉርሽካው ጋር የወጣው ቃጫ ግን አልተመለሰም።

ሰዓቱንም አይርሱት። ነጭ ሩዝ በ20 ደቂቃ ይበስላል፤ ቡናማው 45 ደቂቃ፣ ያልተፈተገ ገብስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከሥራ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለምትገባ እናት ይህ ከባድ ነው። በ1949 አስቀድሞ በስሎ የደረቀ ሩዝ «ሚኒት ራይስ» ተብሎ ገበያ ሲወጣ ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው በዚህ ነው።

እህሉ ከዚህ አገር ሰው አፍ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታ ነው የቀየረው። አጃው ቁርስ ላይ ሄደ። ስንዴው ቡናማ ዳቦ ሆኖ ሳንድዊች ውስጥ ገባ። ገብሱ በብዛት ለቢራና ለከብት ነው። ሲኒማ ቤት በባልዲ የሚበሉት ፈንዲሻ እንኳ ሙሉ እህል ነው፤ እህል በላን ብሎ የሚያስብ ግን የለም። በ2005 የወጣው የመንግሥቱ የአመጋገብ መመሪያ ከምንበላው እህል ቢያንስ ግማሹ ያልተፈተገ ይሁን ብሎ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን እዚያ አይደርስም።

አሁን ወደ እርስዎ ቂንጬ ልመለስ። እርስዎ ያሉበት ሚኒሶታ ከሌላው ስቴት የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ የዱር ሩዝ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎች ማኖሚን የሚሉት፣ በታንኳ ሐይቅ ላይ እየሄዱ በዘንግ እየመቱ የሚያራግፉት እህል ነው። ሚኒሶታዎች ቱርክ ከሚባለው ትልቅ ወፍና ከዶሮ ጋር ያቀርቡታል፤ የምራትዎ ወላጆችም ሳያውቁት አይቀሩም። እኔን ከችግር ያወጣኝ እሱ ነው። የስንዴ ሽርክቱን በውሃ መቀቀሉን ይተዉና በዶሮ መረቅ ይቀቅሉት። የዱር ሩዙ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ ለብቻው ይብሰል። ሽንኩርት፣ ሴለሪና እንጉዳይ በቅቤ አቁላልተው ሁለቱን እዚያ ላይ ይቀላቅሉ። ቅዳሜ ሠርተው ፍሪጅ ቢያሳድሩት አይጎዳም፤ እሁድ ማሞቅ ብቻ ነው። በሌላ ጎድጓዳ ሳህን ለብቻው ግን አያቅርቡት። ትሪው ላይ አንጥፈው ዶሮውን በላዩ ያድርጉት፤ የሚንጠባጠበው መረቅ ሁሉ ወደ እህሉ ይውረድ። እኔ ዘንድ ትሪው ተጠርጎ የተመለሰው እንዲህ ባደረግሁ ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለምራትዎ እናት ይደውሉና የዚያን እሁድ ድንቹን እንዲተዉልዎ ይጠይቋቸው።