መልስ፦ ከደሴ ወደ ካምፓላ ስሄድ ምን ልከተብ?

አብሽር ወንድሜ። ለሦስት ወር ሥራ ካምፓላ ልሄድ አንድ ወር ቀርቶኛል፣ ምን ልከተብ፣ የወባውስ ነገር ብለሃል። ወሩ ይበቃሃል፣ ግን ዛሬውኑ ጀምር።

መጀመሪያ የቢጫ ወባ ክትባት። ኡጋንዳ ስትገባ መከተብህን የሚያሳየውን ቢጫ ካርድ ትጠየቃለህ። ካርዱ የሚሠራው ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት እንዳትተወው። አንዴ ከወሰድክ የዕድሜ ልክ ነው። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለብህ ሳትወጋ በፊት ተናገር። የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ (የጉበት ሕመም) ክትባትም እዚያው የምትከተብበት ቦታ ጠይቅ።

እኔን ግን በጣም የሚያሳስበኝ ወባው ነው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ወባን አይከላከልም። ደሴ ደጋ ነው። ቆላ ያለው የባቲና የከሚሴ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቶሎ ወባን ይጠረጥራል፣ እኛ ጉንፋን ነው ብለን ጋቢ ተከናንበን እንተኛለን። ካምፓላ ከፍታዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ አለ። ሐኪም ዘንድ ሂድና መከላከያ ኪኒን ይዘዝልህ። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከመሄድህ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምረህ በየቀኑ ትወስዳለህ፣ ከተመለስክም በኋላ 4 ሳምንት ትቀጥላለህ፤ ብዙ ሰው አገሩ ገባሁ ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዝ፣ ማታ እጅጌ ረጅም ልበስ።

ትኩሳት ከያዘህ ሳታድር ተመርመር። ደሴ ከተመለስክ ከወራት በኋላም ቢሆን ኡጋንዳ እንደነበርክ ለሐኪሙ ንገረው፣ እሱ ካላወቀ ወባን ላያስብ ይችላል።