«ዬላንግ ዝዳ» የሚባለው ለማን ነው?

እህታችን ቻይናዊ ባልደረባዋ አንድን ሰው «ዬላንግ ዝዳ» ሲል ሰምታ ትርጉሙንና አመጣጡን ጠይቃለች። ቻይና ስማርም፣ አሁን በአስተርጓሚነት ስሠራም ደጋግሜ የሰማሁት ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ከእኔ ወዲያ ላሳር» ባይ ማለት ነው። ግን ለጉረኛ ሁሉ አይባልም። ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ የሌላውን ሳያይ ራሱን ለሚቆልል ሰው ነው።

«ዝዳ» ራስን ትልቅ ማድረግ ሲሆን፣ ዬላንግ የጥንት አገር ስም ነው። ዛሬ ጉይጆ በሚባለው ተራራማ የቻይና ግዛት አካባቢ ነበረች። ታሪኩን የጻፈው የጥንቱ የቻይና ታሪክ ጸሐፊ ስማ ቺየን ነው። ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሃን ሥርወ መንግሥት መልእክተኛ ጃንግ ቺየን ባክትሪያ (የዛሬው አፍጋኒስታን አካባቢ) ድረስ ሄዶ ከቻይናዋ ስቹዋን የመጣ ጨርቅና የቀርከሃ ዘንግ አየ። የአገሩን ሰዎች ከየት አመጣችሁት ቢላቸው፣ ነጋዴዎቻችን ከህንድ ገዝተው ነው አሉት። የሃኑ ንጉሠ ነገሥት ዉ ይህን ሲሰማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 በደቡብ ምዕራብ በኩል የህንድን መንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ላከ። ህንድ አልደረሱም። በመንገድ ላይ ግን ዲየን የሚባል አገር ንጉሥ «ሃን ይበልጣል ወይስ እኛ?» ብሎ ጠየቃቸው። የዬላንግ ገዥም እንዲሁ።

ልብ በሉ፣ ቀድሞ የጠየቀው በዛሬዋ ዩናን የነበረው የዲየን ንጉሥ ነው። ስሙ የጠፋው ግን የዬላንጉ። ከጉይጆ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ አባባሉ በተነሳ ቁጥር ፊቱ ይቋጠር ነበር። «መጀመሪያ የጠየቀው እኮ የኛ አይደለም!» ይላል። እኔም እውነቱን ነው እላለሁ። ስማ ቺየን ራሱ አልተሳለቀባቸውም። መንገድ ስለማያገናኛቸው የሃንን ስፋት አላወቁም ነው ያለው። ዬላንግም ተራ አገር አልነበረችም። ታንግ ሜንግ የተባለ የሃን ሹም ከ100,000 በላይ ምርጥ ጦር ማሰለፍ ትችላለች ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፏል። በአካባቢው የሚስተካከለው የሌለ ገዥ ስለ ሩቁ አገር ቢጠይቅ ምን ነውር አለው? ኋላ ለሃን ገበረ፣ የንጉሥነት ማህተምም ተሰጠው።

አጠቃቀሙ ላይ ጠንቀቅ በይ። ስብሰባ ላይ ስለ ራሳቸው ሲሉት ችግር የለውም። «የሌሎቹን ፋብሪካ ሳናይ ዬላንግ እንዳንሆን» ሲሉ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜያለሁ። ለሰው ፊት ለፊት ከተባለ ግን ከባድ ስድብ ነው፤ በተለይ ለአለቃና ለታላቅ ፈጽሞ አይባልም። ባልደረባሽ ስለ ሰውየው እንዲህ ካለ አምርሮበታል ማለት ነው። ወሬውን ለሰውየው እንዳታደርሺ።