ልጄ ሽሮ አይነካም፣ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴ ጉዳይ ሲጨንቀኝ ጻፍኩ።

የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚበላው ነገር በጣት ይቆጠራል፦ ፓስታ ያለ ሱጎ፣ እንቁላል፣ ዳቦ በሻይ። እንጀራ ከበላም በአልጫ ክክ ብቻ ነው፣ እሱም የሽንኩርት ቁራጭ ካላየበት። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል። የቲማቲም ልጣጭ ካገኘ አንድ በአንድ ለቅሞ የትሪው ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል።

እራት የምንበላው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ትሪውን ከበን እንደተቀመጥን ልመናው ይጀምራል። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልኩ አጎርሰዋለሁ። ጉንጩ ውስጥ ይዞ አይውጥም። ባለቤቴ «ካልጨረስክ ከዚህ አትነሳም!» ብሎ ይቆጣል። ልጁ ያለቅሳል። አማቴ ሆዳቸው አይችልም፣ ተነስተው እንቁላል ይጠብሱለታል። ከትምህርት ቤት ሲመጣም የቤት ሥራውን እስኪጨርስ ብስኩትና ሻይ ከፊቱ አይጠፋም። ምሳ ዕቃው ግማሹ እንዳለ ይመለሳል። አሁን ደግሞ የአምስት ዓመት እህቱ «እኔም ጎመን አልፈልግም» ማለት ጀምራለች።

ይጫወታል፣ ይሮጣል። ግን ቀጭን ነው። ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው የከሳው?» ባለች ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይለኛል። እውነት እኔ ነኝ?

እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ አንቺ አይደለሽም። ባለቤትሽም አማትሽም ለልጁ ክፉ አላሰቡም። ግን አንድ ትሪ ላይ አንቺ ትለምኛለሽ፣ አባቱ ያስፈራራል፣ አያቱ ሌላ ምግብ ያመጣሉ። ልጁም የሚጠብቀው የመጨረሻውን ነው።

መጀመሪያ ቅጥነቱ። ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ ሲወለድ የነበረውን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሳል። በስምንት ዓመት ግን በዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን በደንብ በልቶ በማግስቱ ቢነካካ አይግረምሽ። ቢሆንም በጎረቤት ወሬ ከምትጨነቂ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ክብደትና ቁመቱን አስለኪ። ፊቱ ከገረጣ፣ ቶሎ የሚደክመው ከሆነ፣ አፈር የሚበላ ከሆነ ወይም ሆዱን ደጋግሞ ካመመው የደምና የሰገራ ምርመራ ይደረግለት። የደም ማነስና የአንጀት ትላትል የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ክብደት ከቀነሰ፣ ሲውጥ ካነቀው ወይም የሚበላቸው ጥቂት ምግቦችም እየቀሩ ከሄዱ ሐኪም ሳያየው አትቆዪ።

አሁን ወደ ትሪው። ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ለእኛ ቤት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉርሻ ፍቅራችን ነው። ግን ጉንጩ ውስጥ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ በቃኝ እያለሽ ነው። ጉርሻውን እሱ አፉን ከፍቶ ሲጠይቅሽ ስጪው። እስከዚያ ከፊቱ ራሱ ቆርሶ ይብላ። ትሪው ላይ ሁልጊዜ የሚያውቀው አንድ ነገር ይኑር፣ አልጫ ክክ እንበል። ከጎኑ ለሁላችሁም ምስሩና ጎመኑ ይውጣ። እንጀራውን ባዶውን ቢበላም ዝም በይ። ጎመን ቀመስክ ብለሽ አታጨብጪ፣ አልቀመስክም ብለሽም አትቆጪ። «ከበላህ ከረሜላ» የሚለውንም ተዪው፤ ጎመን ቅጣት ይመስለዋል። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ቤት ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ «አይወድም» ብሎ ይተዋል። እህቱንም አትከራከሪያት፣ አንድ ዓይነት ሕግ ለሁለቱም ይበቃል።

ሽንኩርቱን ለጊዜው ፈጭተሽ ሥሪው፣ ለልጁም ንገሪው። ብዙ ልጆች የሚጠሉት ጣዕሙን ሳይሆን አፍ ውስጥ የሚያገኙትን ቁራጭ ነው። አትክልት ደብቆ ማብላትን ግን አልወደውም። አንድ ቀን ይደርስብሻል፣ የሚወደውን ክክም መጠርጠር ይጀምራል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ብስኩቱና ሻዩ ነው። እስከ ማታ ሲቀማምስ የቆየ ልጅ እራት ላይ ከየት አምጥቶ ይርበው? እንደመጣ አንድ እውነተኛ መክሰስ ይብላ፦ ሙዝ፣ ቆሎ፣ እርጎ ወይም ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ። ከዚያ እስከ እራት ውሃ ብቻ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከጤፉና ከምስሩ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስ፣ ከማዕዱ ያርቁት።

እራት ላይ እንቁላል መጥበሱ እንዲቀር ለአማትሽ መንገር ያለበት ልጃቸው፣ ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ከአንቺ ከሰሙት ቅያሜ ይሆናል። እሳቸውን ከጨዋታው አታውጧቸው። ምስር ሲለቅሙ ልጁን አጠገባቸው ያስቀምጡት፣ ሰፌዱ ላይ ጠጠሩን ይፈልግ። በእጁ የነካውን ነገር ለመቅመስ ይቀለዋል። ምሳ ዕቃውንም ማታ አስመርጪው፦ «ነገ ሩዝ ነው ጨጨብሳ?» ትንሽ ቋጥሪለት። የረጠበ ፍርፍር ቀዝቅዞ እኛም አንወደውም።

እራት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በላም አልበላም ትሪው ይነሳ፣ እሱም ይነሳ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ከመተኛቱ በፊት «እንቁላል» ብሎ ያለቅስ ይሆናል። «ጠዋት ለቁርስ እሠራልሃለሁ» በይው። ጠዋትም ሥሪለት።