ስለ ድብደባ፣ ስለ አካል ጉዳትና ስለ እጅ እልፊት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጡረታ የወጣሁ ዐቃቤ ሕግ ነኝ። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው በአካል ጉዳት መዝገቦች ላይ ነው። የምመልሰው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 በወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ መሠረት ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። የተመታ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ጉዳዩ የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ አቤት ካላለ ክስ የማይቀርብበት ከሆነ፣ ደግሞ ሦስት ወር ሳያልፍ አቤቱታውን ያቅርብ። ጠይቁ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ጎረቤቴ በአጥር ነገር ተጣልተን ሰው እያየ በጥፊ መታኝ። ጉንጬ ሁለት ቀን አብጦ ነበር። ስንት ዓመት ይፈረድበታል?

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ዓመት የሚባል ነገር የለም። ያንተ ጉዳይ አንቀጽ 560 ነው፣ የእጅ እልፊት። አካል ሳይጎድል፣ ጤና ሳይታወክ ሰው ላይ እጅ ያነሳ ማለት ነው። ቀላል ሰንበር፣ እብጠትና ወዲያው የሚያልፍ ሕመም በሕጉ ዓይን የአካል ጉዳት አይባሉም። ቅጣቱ ከ300 ብር የማይበልጥ መቀጮ ነው፤ ነገሩ ከበድ ካለ ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት። ያውም አንተ አቤት ስትል ብቻ ነው። በሰው ፊት መዋረድህ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ግን ይህ አንቀጽ የሚመዝነው በአካል ላይ የተፈጸመውን እንጂ የተዋረደውን ክብር አይደለም። የሰደበህ እንደሆነ ስድብ ራሱን የቻለ ክስ አለው።

የሕግ ተማሪ፦ ከባድና ቀላል የአካል ጉዳትን የሚለየው ምንድን ነው? የ555 እና የ556 ድንበር ግልጽ አልሆነልኝም።

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ። አንቀጽ 555 ሦስት በር አለው። አንደኛው ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም አካላዊና አእምሯዊ ጤናን ለዘለቄታው የሚጎዳ ማቁሰል ነው። ሁለተኛው አካልን ወይም ዋና የሆነ ብልትን ማጉደል፣ ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ፣ ወይም መልክን በሚያስከፋና ጎልቶ በሚታይ ሁኔታ ማበላሸት ነው። ሦስተኛው በሌላ መንገድ ከባድ ጉዳት ወይም ሕመም ማድረስ ነው። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ደግሞ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ሊሆን ይችላል። ስፋቱን ተመልከት። ዳኛው ብዙ ነፃነት ስላለው መዝገቡ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ሁሉን ይወስናል።

ከዚያ ውጪ ያለው ጉዳት 556 ነው። በንዑስ ቁጥር 1 የግል አቤቱታ ሲቀርብ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። በንዑስ ቁጥር 2 ግን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል። ይህም አድራጊው መርዝ፣ ገዳይ መሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሌላ ዕቃ ሲጠቀም፣ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታውን ሲጥስ፣ ወይም ተጎጂው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሲሆን ነው። እዚህ ላይ የግል አቤቱታ የሚለው ቃል የለም፤ ዐቃቤ ሕግ ተበዳይን ሳይጠብቅ ይከሳል። አንድ ዱላ መዝገቡን ከንዑስ ቁጥር 1 ወደ 2 ያሻግረዋል።

ተማሪዎች አብዝተው የሚስቱት ደግሞ ከባድ የአካል ጉዳትን ከግድያ ሙከራ መለየት ላይ ነው። ልዩነቱ ከቁስሉ መጠን አይደለም፣ ከሐሳቡ ነው። ጥልቅ ቁስል ያደረሰ ሰው መግደል ሳያስብ ሊሆን ይችላል፤ በጥይት የሳተ ደግሞ አንዲት ጠብታ ደም ሳያፈስ ለግድያ ሙከራ ይከሰሳል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ስለሚያስቀጣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሐሳቡን የምናነበው ከመሣሪያው፣ ከተመታው የአካል ክፍል፣ ከምቱ ብዛት፣ ሲመታ ከተናገረውና ካስቆመው ነገር ነው። ገላጋይ ጎትቶት ያቆመና በራሱ ዱላውን ጥሎ የሄደ እኩል አይታዩም።

ባለሱቁ፦ ሰው ደብድቦኝ ነበር፤ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ማን? መቼ? በምን? የት ላይ? ሐኪም አይቶሃል? እንዲህ ተጠይቆ የሚመለስ ነገር የለም። በዚህ ሳምንት ከሆነ ተነሥና ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ከዚያ ተመልሰህ ጻፍ።

ነርስ ከደሴ፦ እኛ ዘንድ ተጎጂ ሲመጣ ፖሊስ በደብዳቤ ማስረጃ ይጠይቀናል። ምን ብለን ብንጽፍ ለፍርድ ቤት ይጠቅማል?

መላሽ፦ እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ከፖሊስም ከጠበቃም ይልቅ መዝገብ የሚጥለውም የሚያነሣውም ያንቺ ወረቀት ነው።

«ፊቱ ላይ ቁስል አለ» የሚል ማስረጃ ስንት ጊዜ በእጄ ገብቷል! ይህ ለዳኛ ምንም አይነግረውም። «ከግራ ቅንድቡ በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ አጥንት ያልነካ፣ በአምስት ስፌት የተዘጋ ቁስል» ሲል ግን ችሎቱ ቁስሉን ያየዋል። ቦታውን፣ ርዝመቱን፣ ጥልቀቱን፣ የጠርዙን ሁኔታ ጻፊ። የሰንበር ቀለም ጻፊ፤ ቀይና ሰማያዊው ወደ አረንጓዴና ቢጫ እየተለወጠ ስለሚሄድ ትክክለኛ ቀኑን ባይናገርም ትኩስ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። ከሁሉ በላይ ተጎጂው ምን ማድረግ እንደተሳነው ጻፊ፦ ጣቱ ይታጠፋል? ዓይኑ ያያል? እግሩ ይቆማል? 555 ወይስ 556 የሚለው ክርክር የሚፈታው እዚህ ነው። ጥርስ የተሰበረ እንደሆነ ስንትና የትኛው፣ ቀድሞ የተነቃነቀ ነበር ወይስ ጤነኛ፣ ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እለምንሻለሁ። የራስ ቆዳ ከሥሩ አጥንት ስላለ በዱላ ሲመታ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ከፈት አድርገው ሲያዩት ግን ጠርዙ የተፈገፈገ ነው፣ በመሐሉም ያልተበጠሱ ክሮች ይታያሉ። ስለት እነዚያን ክሮች አይተውም። ባለሙያ ተቻኩሎ «በስለት የተቆረጠ» ብሎ ከጻፈ፣ ሦስት ምስክሮች «በዱላ መታው» ሲሉ የተከላካይ ጠበቃ ደስ ብሎት ይነሣል። ምስክርና ማስረጃ ተቃርነዋል ይላል፤ ጥፋተኛ ሰው በዚህ ምክንያት ነፃ ሊወጣ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆንሽ የምቱን መንስኤ ከመገመት ያየሽውን ብቻ ጻፊ።

ለተጎጂዎችም፦ የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ ብላችሁ ሕክምና አታዘግዩ። በካርዳችሁ ላይ የተጻፈው ኋላ ለማስረጃው መሠረት ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ችሎት ግን የሚያየው የተወጋው ምን ያህል እንደሚያስታውስ ሳይሆን ቁስሉ ትኩስ ሳለ ምን እንደተጻፈለት ነው።

የጎጃሙ፦ እኔ ግን ይህ ሁሉ ሐኪም፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት አገር አያስታርቅም ባይ ነኝ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተቆርጦ ነገሩ ያልቃል። ክስ ቂም ይወልዳል።

ከአዳማ፦ ሽማግሌ ሁልጊዜ ለባለጠጋው ያደላል። እኔ አይቻለሁ።

የጎጃሙ፦ አንተ ያየኸው የከተማ ሽማግሌ ነው። የእኛዎቹ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ናቸው፤ ደም የሚያደርቁት እነሱ ናቸው።

የሕግ ተማሪ፦ እርቅ ካለ መዝገቡ ይዘጋል አይደል?

መላሽ፦ ቆዩ፣ ቆዩ። ሽምግልናን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ ብዙ ደም እንዲደርቅ አድርጓል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ጉዳይ አለ። በእጅ እልፊትና በ556(1) የክሱ ቁልፍ በተበዳይ እጅ ስለሆነ ታርቆ አቤቱታውን ሊተው ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ቤተሰቦች በሬ አርደው ቢታረቁም ክሱ ይቀጥላል። ያኔ እርቁና የተከፈለው ካሳ ቅጣት ማቅለያ ይሆናሉ፤ አንቀጽ 82 የልብ ጸጸትንና ካሳን ከማቅለያዎቹ ይቆጥራል። በሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ ደግሞ ሦስቱ ወር እየሄደ መሆኑን አትርሱ። እርቁ ሲፈርስ ጊዜው አልፎ ባዶ እጃቸውን የቀሩ ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ ክርክሩን እዚህ አቁሙልኝ።

ስም አይገለጽ፦ ባለቤቴ ይመታኛል። የባሰ ጉዳት አልደረሰብኝም፣ ሰንበር ብቻ ነው። ቤተሰቦቼ የቤት ገመና ነው ይላሉ። ሕጉ ምን ይላል?

መላሽ፦ እህቴ፣ ሕጉ የቤት ገመና የሚባል ምሽግ አያውቅም። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሞ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጉዳት ያደረሰ ሰው ከ555 እስከ 560 ባሉት ድንጋጌዎች እንደሚቀጣ በግልጽ ይናገራል። አእምሯዊ የሚለውን አስምሪበት፤ ከፍርሃት የተነሣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ራስሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ይህንም ለሐኪም ንገሪ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። አንቀጹ ወደ ሌሎቹ ስለሚመራ በቤት ውስጥ የሚደርስ ቀላል ጉዳትም የሚስትየዋን አቤቱታ ይጠይቃል። ሰኞ አቤት ያለችው ሴት ሐሙስ በአማቶቿ ታጅባ መጥታ ትተዋለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሕግ አውጪው ይህን ቀዳዳ ሊደፍነው ይገባል። አንቺ ግን ዛሬ ማድረግ የምትችይው አለ። በየጊዜው ሐኪም ይይሽ። የምታምኛት ጎረቤት ሰንበሩን ትይ። የዛቻ ቃል ከተናገረም ዛቻ በአንቀጽ 580 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕይወትሽ ያሰጋሻል ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ አንቀጽ ከመቁጠርሽ በፊት ከቤቱ ወጥተሽ ሂጂ።

ባለሱቁ፦ ጋሼ፣ በጥፊ ለመታ ሰው ስንት ዓመት ነው?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ። ሐኪም ዘንድ ሄድክ?

መምህር፦ ተማሪ በአርጩሜ መቅጣት ወንጀል ነው? ወላጆች ራሳቸው «ምታልኝ» ይሉናል።

መላሽ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የወላጅ ፈቃድ ይህን አይሽርም። አትምታ።

ሌላ አባል፦ ሌባ ቤቴ ገብቶ በአካፋ መታሁት፤ እጁ ተሰበረ። እኔ ነኝ የምከሰሰው?

መላሽ፦ በሕጋዊ መከላከል፣ በአንቀጽ 78፣ የሚታዩት ጥቃቱ ሕገወጥና ወዲያው የሚደርስ መሆኑ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ አለመቻሉና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆኑ ነው። ፊት ለፊት ሊመታህ ሲመጣ ከመታኸው አንድ ነገር ነው። ወድቆ «ማሩኝ» እያለ፣ ወይም አጥር ዘሎ ሲሮጥ ከኋላ ከመታኸው ግን ያ መከላከል አይደለም፣ በቀል ነው። ልኩን ካለፍህ በአንቀጽ 79 ቅጣት ሊቀልልህ ይችላል። አንተ የትኛው እንደሆንክ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ለፖሊስ ቃል ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ አማክር።

የሕግ ተማሪ፦ በ555 የተከሰሰ ሰው ዋስትና ይከለከላል። ጣሪያው 15 ዓመት ስለሆነ።

ሌላ አባል፦ አይከለከልም። ተጎጂው ይሞታል ተብሎ ካልተሰጋ ዋስትናው አለ።

የሕግ ተማሪ፦ ሕጉን አንብብ፤ «15 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63ን ግማሽ ግማሹን ነው። አንቀጹ የቅጣቱን ክብደትም ተጎጂው የመሞት ዕድል ያለው መሆኑንም ያነሣል። ለዛሬ የሚበቃን ይህ ነው፦ ተጎጂው በአደገኛ ሁኔታ ላይ ሳለ ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያ የሚያቀርበው የሆስፒታል ወረቀት ነው። እንደገና ወደ ሐኪም ማስረጃ ተመለስን። የዋስትናን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። ከሚስቴ ጋር ተጣልተን ፖሊስ ወሰደኝ። ሽማግሌ ልከን ክሱን ብታነሣ የመኖሪያ ፈቃዴ ይተርፋል?

መላሽ፦ ያ የሌላ አገር ሕግ ነው፤ እኔ አልገባበትም። እዚያ በቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኛ መባል ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ብቻ ልንገርህ። ምንም ነገር ከመፈረምህ በፊት ወንጀልም ኢሚግሬሽንም የሚያውቅ ጠበቃ ያዝ። ሚስትህንም ሽማግሌ ልከህ አታስጨንቃት።

እናት ከሐዋሳ፦ የ14 ዓመት ልጄ የክፍል ጓደኛውን ገፍቶ እጁን ሰበረው። ይታሰራል?

መላሽ፦ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ለወጣት አጥፊዎች የተለዩ እርምጃዎች አሉ። የተጎዳውን ልጅ ሕክምና ግን እናንተ ቶሎ ሸፍኑ።

ነርስ ከደሴ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ተከሳሹ ነፃ ከወጣ ተጎጂው ለሕክምና ያወጣውን ገንዘብ ያጣል ማለት ነው?

መላሽ፦ አያጣም። ካሳ ወንጀሉ በሚታይበት ችሎትም ሊጠየቅ ይችላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ይፈቅዳል። በፍትሐ ብሔር መክሰስም ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2038 ሰውን ያለ ፈቃዱ ሆን ብሎ መንካትን ራሱን ጥፋት ያደርገዋል። አንቀጽ 2149 ደግሞ የወንጀል ችሎት በነፃ ማሰናበቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስገድደው ይናገራል። ካሳ ለመክሰስ ያለው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ወንጀሉ ከዚያ የረዘመ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ካለው ረጅሙ ይሠራል። የመድኃኒት፣ የራጅ፣ የመኪና ኪራይ ደረሰኝ ሁሉ ይያዝ፤ ከሥራ የቀረበትም ቀን ከአሠሪው በደብዳቤ ይጻፍለት።