ሁለት ኤልያስ ፔተርሰን በአንድ ቡድን፦ ሞክሼዎችን በአማርኛ እንዴት እንለያቸው?

ጥያቄ፦ የስፖርት ዜና እተረጉማለሁ። ስዊድኖች ላይ ስደርስ ስም ይደበላለቅብኛል። ቫንኩቨር ካናክስ በተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ኤልያስ ፔተርሰን የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን አብረው ተጫውተዋል። «እነ ፔተርሰን» ልበል ወይስ «ፔተርሰኖች»? «ታላቁ» እና «ታናሹ» ብልስ? ደግሞ «ሞክሼ» ለፊደል ብቻ ነው ወይስ ለሰውም ይሆናል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ሞክሼ ለሰው ይሆናል፤ እንዲያውም ዋናው ቦታው እሱ ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች «ሞክሼዬ» እየተባባሉ ይጠራራሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ «ሞክሼ ፊደላት» መባላቸውም በዚሁ አነጋገር ነው። ነገር ግን በእኛ ልማድ ሞክሼ የሚያሰኘው የራስ ስም እንጂ የአባት ስም አይደለም። ስለዚህ እግር ኳስ ተጫዋቹ ሄንሪክ ላርሰንና ዋናተኛው ጉናር ላርሰን ሞክሼ አይባሉም። ሁለቱ ኤልያሶች ግን ከነሁለተኛ ስማቸው ሞክሼ ናቸው።

«ሁለተኛ ስማቸው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ላርሰን ማለት በቀጥታው «የላርስ ልጅ»፣ ዮሐንሰን «የዮሐንስ ልጅ»፣ ፔተርሰን ደግሞ «የጴጥሮስ ልጅ» እንደ ማለት ነው። ስዊድኖችም በጥንቱ ሥርዓታቸው እንደ እኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፤ ሴት ልጅ ብትሆን መጨረሻው «ዶተር» ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው ደንብ ስሙ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይለወጥ እንዲተላለፍ አደረገ። ስመ ሞክሼው የበዛውም ለዚህ ነው፤ በየትውልዱ ይለዋወጥ የነበረው ስም ባለበት ቆመ። እንግዲህ «የአባት ስሙ ላርሰን» ብሎ መጻፍ ያሳስታል። የሄንሪክ ላርሰን አባት የኬፕ ቨርድ ሰው ናቸው፤ ላርሰን የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። «የቤተሰብ ስም» ይበሉት።

አሁን ወደ «እነ»። «እነ ኤልያስ መጡ» ሲባል ኤልያስ የተባሉ ሁሉ መጡ ማለት አይደለም፤ ኤልያስና አብረውት ያሉት መጡ ማለት ነው። «እነ ፔተርሰን አሸነፉ» ቢሉ አንባቢ ቡድኑን በሙሉ ይረዳል። ስመ ሞክሼዎችን ለማብዛት የሚያገለግለው «ኦች» ነው፤ የሚገባውም በመጨረሻው ስም ላይ ብቻ ነው፦ «ሁለቱ ኤልያስ ፔተርሰኖች»። «ኤልያሶች ፔተርሰኖች» አይባልም። ጆሮ ከጎረበጠው «ኤልያስ ፔተርሰን የሚባሉት ሁለቱ ተጫዋቾች» ማለት ይቻላል፤ እኔ ለዜና መክፈቻ ይህን እመርጣለሁ።

«ታላቁ» እና «ታናሹ» ይቅሩ። በአማርኛ ታላቅና ታናሽ ወንድማማችነትን ያስከትላል፤ ሁለቱ ፔተርሰኖች ደግሞ ወንድማማቾች አይደሉም። ለፓትሪክና ለዳንኤል አንደርሰን ቢሉ ልክ ነበር፤ እነሱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ታናሹም የማልሜው አማካይ ዳንኤል ነው። የሄልሲንግቦርጉ ግብ ጠባቂ ዳንኤል አንደርሰን ግን ሌላ ሰው ነው። «ትልቁ» ማለትም አያዋጣም፤ ዕድሜ ይሁን ቁመት ወይም ዝና አይታወቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መለያውን ከስሙ ፊት ያስቀድሙ፣ «ው» ወይም «ኡ»ንም አይንሱት። «ተከላካይ ኤልያስ ፔተርሰን» ማዕረግ ይመስላል፣ «ኮሎኔል ደራርቱ» እንደማለት። «ተከላካዩ ኤልያስ ፔተርሰን» ሲሆን ነው «ያኛው ሳይሆን ይኸኛው» የሚለው። ስሙ ተሳቢ ሲሆን «ን» ሁለቱንም ይከተላል፦ «ተከላካዩን ኤልያስ ፔተርሰንን ተካው»። እ.ኤ.አ. በ2025 ማርከስ ፔተርሰን የተባለ ሌላ ስዊድናዊ ተከላካይ ወደዚያው ቡድን ስለመጣ «ተከላካዩ ፔተርሰን» ብቻውን አልበቃም። ያኔ የማሊያ ቁጥር ያወጣል፦ «40 ቁጥሩ ፔተርሰን» አጥቂው፣ «25 ቁጥሩ» ወጣቱ ተከላካይ። የትውልድ ዓመት መጠቀም ካሻዎት እ.ኤ.አ. ማለትን አይርሱ። አጥቂው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ተከላካዩ በ2004 ተወልደዋል፤ ምልክቱ ከሌለ አንባቢያችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦ ዕድሜያቸውን በሰባት ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ሌላውም የሚጋራውን መለያ በመምረጥ ነው። ኢንግማር ዮሐንሰን የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን አሉ። አንዱ በ1948 ለንደን ላይ በ10 ኪሎ ሜትር የእርምጃ ውድድር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ነው። ሌላው በ1959 ፍሎይድ ፓተርሰንን ዘርሮ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ቦክሰኛ ነው (ፓተርሰን እንጂ ፔተርሰን አይደለም፤ አንዲት አናባቢ አሜሪካዊውን ስዊድናዊ ታደርገዋለች)። ቦክሰኛው በ1952 ሄልሲንኪ ፍጻሜ ላይ አልተዋጋህም ተብሎ ተሰናበተ፤ የብር ሜዳሊያውን የተቀበለው በ1982 ነው። ስለዚህ «የኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ባለቤቱ ኢንግማር ዮሐንሰን» ማንንም አይለይም፤ «ቦክሰኛው» ይለያል። በጉናር ላርሰኖች በኩል ግን ሜዳሊያም ያገለግላል፦ በ1972 ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር ቅይጥ ዋና በ0.002 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ የወሰደው አንዱ፣ በ1968 ግሬኖብል ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ነሐስ ያገኘው ሌላው።

ፊደላችን ራሱ ሞክሼ የሚፈጥርበት ጊዜም አለ። የ2002 የአውስትራሊያ ኦፕን አሸናፊ ቶማስ ዮሐንሰንና የግሪኮ ሮማን ትግል ተወዳዳሪው ቶማስ ዮሐንሰን በስዊድንኛ የራስ ስማቸው በአንዲት ፊደል ይለያል፤ በግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ይጠፋል። አንዱን «ቶማስ» ሌላውን «ቶመስ» እያሉ ለመለየት መሞከር ፈጠራ ነው፤ «የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቹ» እና «ታጋዩ» ይበቃሉ። በተቃራኒው አንዱን ሰው አንዴ «ዮሐንሰን» አንዴ «ዮሃንሰን» ብለው ከጻፉት ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ በአንዱ የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ስሙ የመጣው ከዮሐንስ ስለሆነ እኔ ሐመሩን ሐ እመርጣለሁ። «ጆሐንሰን» ግን በእንግሊዝኛ ዞሮ የመጣ ነው፤ ስዊድኖች «ዮ» ነው የሚሉት።

ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ ስዊድናዊውን በቤተሰብ ስሙ፣ የእኛን ሰው በራሱ ስም መጥራት ይቀጥል። በ2013 ሞስኮ ላይ በ1500 ሜትር ለስዊድን ወርቅ ያመጣችው አበባ አረጋዊ በስዊድን ጋዜጣ «አረጋዊ» ትባላለች፤ በአማርኛ ግን አረጋዊ አባቷ ናቸውና «አበባ» ብለው ይጻፉ።