ከካርታ የጠፋች የቴክሳስ ከተማ ስሟን ከየት አገኘች ላልከው

ከተማዋን ሳይሆን ፖስታ ቤቷን ፈልግ። በአሮጌው ደብዳቤ ላይ ያገኘሃት ከተማ ዛሬ ካርታ ላይ ባትኖርም፣ ፖስታ ቤት ከነበራት መዝገብ አላት። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1832 እስከ 1971 (በፈረንጆች) የተሾሙ የፖስታ ቤት ኃላፊዎችን መዝገብ ይዟል። ፖስታ ቤቱ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ እንደተዘጋ፣ ስሙ ተቀይሮ ከሆነም እዚያ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ግን የነበረችበትን ካውንቲ (በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለ የአስተዳደር አካባቢ) እወቅ፤ መዝገቡ የተደረደረው በዚያ ነው።

ስሙን የሚያጸድቀው ደግሞ ፖስታ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ «ኔምለስ»፣ ማለትም «ስም አልባ» የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቹ ያቀረቡት ስም ስድስት ጊዜ ውድቅ ሲሆንባቸው ተናደው «በቃ ስም አልባ ይሁን!» ብለው ጻፉ ይባላል። መሥሪያ ቤቱም እሺ አለ። ፖስታ ቤቷ በ1880 ተከፍቶ በ1890 ተዘጋ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ፊደሉን አትመን። እኔ አንዱን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ ስፈልግ ሳምንታት አቃጥያለሁ። የካሊፎርኒያዋን የወርቅ ከተማ ቦዲን እይ፤ በ1859 ወርቅ ባገኘው ሰው ስም ተሰየመች፣ ግን የሰውዬውና የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አይገጥሙም።