ለእናት የሚገዛ የቡና ማሽን፦ አንድ ማብሪያ ያለው ይበቃል

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ደብረ ማርቆስ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ያማታል። ዝቅ ብላ ከሰል ማያያዝ ከብዷታል፤ ቡና ሳትጠጣ ግን አትውልም። ለበዓል የቡና ማሽን ልገዛላት አስቤ ሱቅ ስዞር ስክሪን ያለው፣ ወተት አረፋ የሚያደርግ፣ በካፕሱል የሚሠራ፣ ብዙ ዓይነት አየሁና ግራ ገባኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹አትግዢ፣ እኔ ይዤ እመጣለሁ› ይላል። የቱ ይሻለኛል? እናቴ እንዲህ ያለ ማሽን ነክታ አታውቅም።»

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር፤ ሳይገዛ ይድረስበት። እንዳያመጣ ንገሪው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። እዚያ 900 ዋት የሚወስድ ማሽን እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ከ3,000 ዋት በላይ ልሳብ ይላል። ውኃ ሳያሞቅ ራሱ ይቃጠላል። «ትራንስፎርመር እንገዛለታለን» ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ቢያንስ 1,500 ዋት የሚችል መሆን አለበት። እሱ ደግሞ ከባድ ብረት ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ሲሠራ ያጉረመርማል። ሥራ ይቅለላቸው ብለሽ ሁለት ዕቃ አሸከምሻቸው ማለት ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን ይምጣ፤ የእነሱ 230 ቮልት ስለሆነ ችግር የለውም። እዚህ ስትገዢም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ገልብጠሽ እይ። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ማለት አለበት።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ።

ካፕሱል ማለት የተፈጨ ቡና የታሸገባት ትንሽ ዕቃ ናት። አጠቃቀሙ ከሁሉም ይቀላል፤ ይህን አልክድም። ካፕሱሏን ታስገቢያለሽ፣ ትጫኚያለሽ፣ አለቀ። ነገር ግን ያንዱ ድርጅት ካፕሱል ለሌላው ማሽን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ደብረ ማርቆስ ላይ ካፕሱል ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ደግሞ ለጤነኛ ጉልበትም አይመከርም። ካፕሱሉ ሲያልቅ ማሽኑ ቡፌ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ደግሞስ የዘጌ ቡና እዚሁ ጣና ዳር እያለ፣ እናትሽ መቼ እንደተቆላ የማያውቁትን ቡና ለምን ይጠጣሉ?

ኤስፕሬሶ የሚያወጣው፣ እጀታ ያለው ማሽን ላይ «15 ባር» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። እሱ አያታልሽ። ለኤስፕሬሶ 9 ባር ገደማ ይበቃል፤ 15 ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ዋናው ጣጣ የእጅ ሥራው ነው። ቡናው በልኩ መፈጨት፣ እኩል መጠቅጠቅ፣ እጀታውም ተጠምዝዞ መጥበቅ አለበት። ጎሚኒው ሲደርቅ ደግሞ መጠምዘዙ ለጎረምሳም ይከብዳል። ማኪያቶ ለሚወድ ወጣት ጥሩ ስጦታ ነው። ለእናትሽ አይሆንም።

ራሱ ፈጭቶ ራሱ የሚያፈላውን ውድ ማሽንም ተዪው። እናቶቻችን ቡናውን ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ነው የሚቆሉት። ያ ዘይት ውስጡ ያለው ወፍጮ ላይ ይለጠፋል፤ ውሎ አድሮ ይደፍነዋል። ከዚያም ማሽኑ ውኃ ሙሉልኝ፣ አተላ ድፉልኝ፣ እጠቡኝ እያለ በእንግሊዝኛ ሲያዝ ይውላል።

የምመክርሽ ተራውን የማጣሪያ ማሽን ነው። ፊልተር ወይም ድሪፕ ይሉታል። አንድ ማብሪያ ብቻ ያለው፣ ሰዓት የሌለው፣ ስክሪን የሌለው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ርካሹ እሱ ነው።

ለምን እሱን እንደመረጥኩ አሠራሩን ስነግርሽ ይገባሻል። ውኃው ከማጠራቀሚያው ወርዶ ከሥር ባለች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይፈላል። እንፋሎቱ የፈላውን ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል፤ ተጣርቶ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይገባል። ፓምፕ የለውም፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የለውም። ቱቦው መግቢያ ላይ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋ የምስር ፍሬ የምታህል ቫልቭ አለች። ከዚያ ሬዚስታንስ (ማሞቂያው)፣ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያው) እና ፊውዝ ነው። ቢበላሽ የትኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ይፈታዋል።

«አልሠራ አለ» ተብሎ ለጥገና ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው እንዲያውም አልተበላሸም። ስፈታው ያቺ ቫልቭ በቡና ዱቄት ተጣብቃ አገኛታለሁ። ሰዉ ቡናውን ውኃው ውስጥ ጨምሮታል። ምን ይፈረድበታል? ጀበና ውስጥ ውኃና ቡና አብረው ነው የሚፈሉት። ሌላው ደግሞ ቶናውን ላውጣ ብሎ የተረፈውን አቦል ወደ ውኃው ማጠራቀሚያ ይመልሰዋል። ወተት የሚጨምርም አለ፤ እሱ ቱቦው ውስጥ አርሮ ሲደርቅ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ እናትሽን አንድ ነገር ብቻ አስተምሪያቸው ብትዪኝ ይህንን ነው፦ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከንጹሕ ውኃ በስተቀር ምንም አይገባም። ጨው ከወደዱ ሲኒው ውስጥ። ጤና አዳሙም ሲኒው ውስጥ።

ስለ ቶናና በረካ እውነቱን ልንገርሽ። በዚህ ማሽን ጥሩ ቶና አይወጣም። ጀበና ላይ አተላው አብሮ ስለሚፈላ ጣዕም ይሰጣል፤ እዚህ ግን ውኃው ነካ አድርጎት ነው የሚያልፈው። ለሁለተኛው ዙር ከአተላው ላይ አዲስ ቡና ጣል ማድረግ ነው፤ ያለዚያ ቀለም ያለው ውኃ ነው የሚቀርበው።

መጠኑን አስቢበት። ሳጥኑ ላይ «10 ኩባያ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ሊትር ነው። የኛ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢይዝ 17 ሲኒ አካባቢ ይወጣዋል ማለት ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው ይህ ይበዛል። ትልቁን ማሽን በትንሽ ውኃ ሲሠሩበት ደግሞ ውኃው ቶሎ ያልፍና ቡናው ይቀጥናል። 0.6 ሊትር የሚይዘው ለእሳቸውና ቡና ለሚጠሯቸው ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ልክ ነው።

ማንቆርቆሪያው የመስታወት ሳይሆን እንደ ፔርሙስ ሙቀት የሚይዝ ብረት ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚህ ማሽን መጀመሪያ የሚሰበረው መስታወቱ ነው፤ ልኩን የሚገጥም መለዋወጫ ደግሞ እዚህ ማግኘት ጭንቅ ነው። የመስታወቱ ሌላም ችግር አለበት። ከሥሩ ያለው ምጣድ ማሞቁን ስለማያቆም ቡናው ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይመራል። ማጣሪያውም የሚታጠብ የብረት ወንፊት ይሁን። የወረቀት ማጣሪያ ሲያልቅ እንደ ካፕሱሉ ፍለጋ ይጀመራል።

አፈጫጩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙቀጫ ላይ የተወቀጠ ቡና ደቃቁም ሻካራውም ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው። ለጀበና ግድ የለም፤ አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል። ማሽኑ ላይ ግን ደቃቁ ወንፊቱን ይደፍንና ውኃው ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። እናትሽም ማሽኑ ተበላሸ ብለው ይደውሉልሻል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ጨምሪ። ሲነካ እንደ ሻካራ አሸዋ ይሁን፤ ዱቄት አይሁን። መጠኑ ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም አካባቢ ነው፤ ለ0.6 ሊትር 36 ግራም ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቡናው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ትንሽ ሊቀጥንባቸው ይችላል። ያኔ አንድ ማንኪያ ቡና መጨመር እንጂ ማሽኑን መውቀስ አያስፈልግም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ይህ ማሽን ስታቢላይዘር አይፈልግም። መስመሩ ወርዶ 180 ቮልት ቢሆን ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ይዘገያል እንጂ አይጎዳም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚመጣው ግፊት በብዛት የሚበላው ስክሪን ያላቸውን ነው። ሆኖም ማብሪያው እንደተጫነ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ማሽኑ ሰው ባይኖርም ራሱን ያበራል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይነቀል። ቲቪና ፍሪጅ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ አይሰካ፤ የግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻውን ይሁን። እንጀራ እየተጋገረም አይሁን፤ ምጣዱ ብቻውን መስመሩን ይጨርሰዋል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ውኃ በሚያፈሉበት ዕቃ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ማሽኑም ውስጥ ይጋገራል። በሁለት ወር አንዴ አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ማጠራቀሚያው ውስጥ መጨመር ነው። ግማሹ ሲወርድ አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ቀሪውን ማስወረድ፣ በመጨረሻም ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሳለፍ። የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ የጀሪካን ሲጠቀሙ ዝቃጩን አስቀርተው በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ይጨምሩ። አምቦ ውኃ አይገባበትም፤ ይህንንም የምለው የሞከረ ሰው ስላየሁ ነው።

ይህን ሁሉ አንብበሽ «እናቴ ከጀበና አትለቅም» ካልሽ ሌላ መንገድ አለ። ያስቸገራቸው ከሰሉና ዝቅ ማለቱ እንጂ ጀበናው አይደለም። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ አድርጊላቸው፤ ዝቅ ሳይሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው በለመዱት ጀበና ያፍሉ። ሸክላው እንዳይሰነጠቅ እሳቱን ከትንሹ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ከማሽኑ ይረክሳል፤ ቶናውም አይበላሽም። እንዲያውም አስቀድመሽ በዘዴ ጠይቂያቸው። ማሽኑ ለጠዋት ጥድፊያ፣ ጀበናው ለሰንበት ይሁን ካሉሽ ሁለቱንም አድርጊ።

ማሽኑን ከመረጥሽ ስትሰጫቸው የመጀመሪያውን ሁለት ዙር ቡና ሳይገባ ባዶ ውኃ አሳልፊ፤ የፕላስቲክ ሽታው ይወጣል። ማጠራቀሚያው ላይ እስከየት እንደሚሞላ በጥፍር ቀለም መስመር አስምሪላቸው። የቡናውንም ልክ የምትሰፍር አንድ ማንኪያ ለይተሽ አብረሽ አስቀምጪ። ከዚያ አንቺ ቁጭ በዪ፤ እሳቸው በገዛ እጃቸው ያፍሉ። አንቺ እየሠራሽ ብታሳያቸው አይያዝላቸውም።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍዪ ሳጥኑን አስከፍተሽ አንድ ሲኒ ውኃ አስገብተሽ አስበሪው። በሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ ትኩስ ውኃ መውረድ መጀመር አለበት፤ ከሥሩም ጠብታ መታየት የለበትም። «ዕቃው እሽግ ነው፣ አይከፈትም» ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ከነፎሙ መልሰሽ እሸጊና መኪና ላይ እግርሽ ሥር ያዢው፤ ጣሪያ ላይ አታስጭኚው። ፎሙንም ሳጥኑንም ደብረ ማርቆስ ከደረሰ በኋላ አትጣዪ፤ ለጥገና መላክ ቢመጣ ያስፈልግሻል።